ስድስት ቀን በታሽከንት ማሃላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2017

የኡዝቤኪስታንን ዋና ከተማ፣ የታሽከንትን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ፒያሳ፣ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ጋሼ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልከው ስድስት ዓመት የኖሩት እዚያ ነበር። እማዬ ቡና ስታፈላ ይመጡና "እኔ የተማርኩበት ከተማ በአንድ ንጋት ፈርሶ እንደገና የተሠራ ነው" ይሉን ነበር። ልጅ ስለነበርኩ ተረት ይመስለኝ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የኛም ግቢ ፈረሰ። ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። ጋሼ ሰፈሩ ሲፈርስ ሳያዩ ነው ያረፉት። እማዬ አዲሱ ቤት ገብታ ሳምንት ሳይሞላት "ደህና አደራችሁ የምለው ሰው የለም እኮ" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ታሽከንትን ማየት አለብኝ ብዬ የቆረጥኩት። የፈረሰ ከተማ ሰዎቹን እንዴት እንደሚያቆይ ማየት ፈለግኩ።

በዱባይ በኩል ሄድኩ። ከዱባይ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ቢበርር ነው። ስንደርስ ሊነጋ ነበር። ከኤርፖርቱ በር ላይ ያገኘሁት ሾፌር ከተስማማነው እጥፍ አስከፈለኝ። ከዚያ በኋላ ታክሲ የጠራሁት በስልክ መተግበሪያ ብቻ ነው፤ ዋጋው ቀድሞ ስለሚታይ ክርክር የለም። የምትሄዱ ካላችሁ ከመጀመሪያው እንዲያ አድርጉ። ገንዘቡ ሶም ይባላል። መቶ ዶላር ስሰጥ 1 ሚሊዮን 270 ሺህ ገደማ ተቆጠረልኝ። ዜሮዎቹን ለመልመድ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

መንገዱ በጣም ሰፊ ነው፣ ዛፉ ደግሞ ብዙ። በየመንገዱ ዳር ውሃ የሚወርድበት ትንሽ ቦይ አለ። አሪክ ይሉታል። ዛፎቹ የሚጠጡት ከሱ ነው። አገሩ በረሃ የከበበው፣ ባሕር የሌለው ነው። ጎረቤቶቹም ሁሉ ባሕር የላቸውም። እንዲህ ያለ አገር በዓለም ላይ ኡዝቤኪስታንና ሊክተንስታይን ብቻ ናቸው። ውሃን እንዲህ በየደጁ ማሳለፍ ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ማረፊያዬ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ከቾርሱ ገበያ ጀርባ ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ግራና ቀኙ ወደ ውጭ መስኮት የሌለው ግድግዳ። "ተሳስቼ ይሆን?" እያልኩ በሩን አንኳኳሁ። በሩ ሲከፈት ግን ሌላ ዓለም ነው። ሰፊ ግቢ፣ ከላይ ወይን የተጋደመበት፣ ጥግ ላይ ሮማን ያፈራ። መሃል ላይ ታፕቻን የሚሉት ትልቅ የእንጨት መደብ አለ፤ ጫማ አውልቀው ይወጡበታል፣ ይበሉበታል፣ በበጋ ይተኙበታል።

የቤቱ ባለቤት በስልሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያሉ ሴት ናቸው። ኦፓ አልኳቸው። ኦፓ እንደኛ እትዬ ነው። ለወንዱ አካ ይላሉ። እሳቸው ደግሞ ቂዚም አሉኝ፤ ልጄ ማለት ነው። የሚያስተረጉመን እንግሊዝኛ የምትማረው የልጅ ልጃቸው ነበረች።

ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ አረንጓዴ ሻይ መጣ። ኦፓ ከማንቆርቆሪያው ፒያላ በሚሉት እጀታ የሌለው ስኒ ይቀዱና መልሰው ይገለብጡታል። ሦስት ጊዜ። መጀመሪያው ሎይ፣ ጭቃ። ሁለተኛው ሞይ፣ ዘይት። ሦስተኛው ቾይ፣ ሻይ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ትዝ አለኝ። ከዚያ ስኒውን ግማሽ እንኳን ሳይሞሉ ሰጡኝ። ልጅቷ ፊቴን አይታ አስረዳችኝ። ሞልቶ መቅዳት "ጠጥተሽ ሂጂ" እንደማለት ነው። ጥቂት ጥቂት የሚቀዳው እንግዳው እንዲቆይ፣ አስተናጋጁም ደጋግሞ እንዲነሳለት ነው።

ረቡዕ

የጾም ቀን ነው። ሥጋ በሚወድ አገር ጾም ይከብዳል ብዬ ነበር። ቾርሱ ስገባ ግን ጭንቀቴ ጠፋ።

ገበያው ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ሰማያዊ ጉልላት አለው። ከሥሩ ሥጋና ወተት ነው፤ እርጎውን በደረቁ አድቦልቡለው ኩርት ይሉታል። ጨዋማ ነው፤ በሌላ ቀን ቀመስኩት። ላይኛው ፎቅ ላይ ለውዝ፣ ዘቢብ፣ የደረቀ አፕሪኮት ተከምሯል። ውጭው ደግሞ የጥቅምት ሐብሐብና ሜሎን፣ ሮማን፣ ወይን። ሻጮቹ ሳትጠይቂ ያስቀምሱሻል። ሳይገዙ መሄድ እንደ ነውር አይታይም፣ እነሱ ግን በፈገግታ ያስገዙሻል።

ዳቦ መጋገሪያው ጋ አንድ ሰዓት ቆምኩ። ዳቦው ኖን ይባላል። ክብ ነው፣ መሃሉን ቼኪች በሚባል ባለ ሚስማር ማኅተም ይወጉታል። መሃሉ ሳይነፋ ጌጥ ይዞ የሚቀረው በሱ ነው። ጋጋሪው ዳቦውን በወፍራም ጨርቅ ላይ አድርጎ እጁን እስከ ትከሻው ታንዲር በሚሉት የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይከትና ከግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። እሳቱ ፊቱን ይገርፈዋል። ትኩሱን ገዛሁና ገልብጬ ከረጢቴ ላይ ሳስቀምጥ፣ አጠገቤ ያሉ እናት ፈጥነው አቀኑልኝ። ኖን በፊቱ አይደፋም። በቢላም አይቆረጥም፣ በእጅ ይቆረሳል። ከመሬት የወደቀ ዳቦ አንስተን ስመን ከፍ ያለ ቦታ እንድናስቀምጥ ያስተማረችን እማዬ ብታይ ደስ ይላት ነበር። ቲማቲምና ሽንኩርት በስሱ ተከትፎ አቺቹክ ይባላል። በሱ፣ በወይኑና በኖኑ ምሳዬን በላሁ።

ከሰዓት በኋላ በእግሬ ወደ ሃዝራቲ ኢማም ሄድኩ። ሰፊ አደባባይ፣ ዙሪያውን መስጊድና መድረሳዎች። አጠገቡ ትልቅ የእስልምና ሥልጣኔ ማዕከል እየተገነባ ነበር። እኔ የሄድኩት ሙዪ ሙቦራክ የምትባለው ትንሽ ቤት ውስጥ የነበረውን ቁርአን ለማየት ነው። የኸሊፋ ዑስማን ነው ይሉታል። ትልልቅ የብራና ቅጠሎች፣ ኩፊ የሚባለው ወፍራም የጥንት የዐረብኛ አጻጻፍ። በልማድ ሲነገር፣ ዑስማን በ656 እ.ኤ.አ. ሲገደሉ ያነቡት የነበረው እሱ ነው። ተመራማሪዎች ደግሞ ብራናው ከዚያ ዘግየት ብሎ የተጻፈ ነው ይላሉ። በ1869 እ.ኤ.አ. ሩሲያውያን ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ወሰዱት። ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመለሰ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ግን እዚያ መስታወት ፊት ቆሜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዑስማን ወደ ሐበሻ ምድር ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ናቸው። ከባለቤታቸው ከሩቅያ፣ ከነቢዩ ልጅ ጋር ነው የመጡት። ያ ቁርአን የሳቸውም ይሁን አይሁን፣ ስማቸው እኛን አልፎ ነው ታሽከንት የደረሰው።

ስወጣ ዶፒ የሚባለውን ባለ አራት ማዕዘን ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ "ካየርዳን?" አሉኝ። ከየት ነሽ? "ኤፊዮፒያ" አልኩ። ትንሽ አሰቡና ፊታቸው በራ። "ሀበሽ! ቢሎል ሀበሺ!" አሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። እዚህ አገር ሰላምታው እንደዚያ ነው፤ ቀኝ እጅ በልብ ላይ። በጉዞዬ ሁሉ ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ ስለ ረሃብ ወይም ስለ ሩጫ ነው የሚነሳው። በቢላል ስም የተቀበለኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

ሐሙስ

ሐሙስ የፕሎቭ፣ ከሥጋና ከካሮት ጋር የሚበስለው ሩዝ፣ ቀን ነው። እነሱ ኦሽ ይሉታል። ቴሌቪዥን ማማው አጠገብ ፕሎቭ ብቻ የሚሠራበት ግዙፍ ቤት አለ። ማማው ራሱ 375 ሜትር ነው፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ። እኔ ግን ዓይኔ ከድስቶቹ አልተነቀለም። ካዛን የሚባለው ድስት ሰው ያስተኛል። መጀመሪያ ዘይትና የበግ ሥጋ፣ ከዚያ ሽንኩርት፣ ከዚያ በቀጭኑ የተከተፈ ቢጫ ካሮት፣ ሽምብራ፣ ዘቢብ፣ መጨረሻ ላይ ሩዝ። አብሳዮቹ ወንዶች ናቸው። ሩዙ ከሥሩ ካለው ጋር ሳይማሰል ይበስላል፤ ሲቀርብ ነው የሚገናኙት። ከላይ የድርጭት እንቁላልና የፈረስ ሥጋ ቋሊማ ያደርጉበታል። ፈረሱን አልደፈርኩም፣ ያለሱ አቀረቡልኝ። ከሰዓት አርፍዶ የሄደ ሰው አያገኝም፤ ድስቱ ካለቀ አለቀ።

ከዚያ ወደ ጋሼ ታሪክ ሄድኩ። ከአንክሆር ቦይ ብዙም ሳይርቅ የመሬት መንቀጥቀጡ መታሰቢያ አለ። ለሁለት የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ፤ በአንዱ ገጽ ሰዓት ተቀርጿል። 5:23 ይላል። በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ23 ደቂቃ መሆኑ ነው። ቀኑ ኤፕሪል 26፣ 1966 እ.ኤ.አ.፤ በኛ ሚያዝያ 18 ቀን 1958። ስንጥቁ መሬቱን እየሰነጠቀ ሄዶ አንድ ሐውልት እግር ሥር ይደርሳል። ሴት ልጇን አቅፋለች። ወንዱ ከፊታቸው ቆሞ እጁን ዘርግቶ ሊመጣ ያለውን ይመልሳል። ፊቱ ላይ ፍርሃትም አለ። ሐውልቱን የወደድኩት ለዚያ ነው።

መንቀጥቀጡ በመለኪያ ሲታይ ከ5 ትንሽ ከፍ ያለ ብቻ ነበር። ነገር ግን መነሻው ከከተማው ሥር፣ ያውም ጥቂት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ነበር። ጭቃ ቤቶቹን ከታች ወደ ላይ አነሳቸው። የሞተው ሰው ጥቂት ነው፤ ቤት አልባ የሆነው ግን 300 ሺህ ያህል ሕዝብ ነው።

ማታ ኦፓን ጠየቅኳቸው። የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። "አባቴ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ግቢ አወጣኝ። ውሾቹ ሁሉ ይጮኹ ነበር" አሉ። ያን በጋ ድንኳን ውስጥ ኖሩ። መሬቱ ለወራት ትንሽ ትንሽ መንቀጥቀጡን አላቆመም። ከሞስኮም ከኪየቭም ከየሶቪየት ሪፐብሊኩም ሠራተኛ መጣ፤ አዳዲስ ሰፈሮች በባቡር በመጣ ሲሚንቶ ተነሱ። የኦፓ ቤት ግን አልተጣለም። ጎረቤት ተሰብስቦ በሃሻር አቆመው። ሃሻር ምንድን ነው አልኩ። ልጅቷ ቃል ስትፈልግ ቆየች። ያለ ክፍያ፣ ሁሉም ወጥቶ የአንዱን ሥራ መሥራት። "ባለቤቱ ምግብ ያበላል" ብላ ጨመረች።

ደቦ! ብዬ ጮህኩ። ደቦ ነው። ኦፓ ቃሉን ሦስት ጊዜ ደገሙት። ደቦ፣ ደቦ፣ ደቦ።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ከመሬት በታች ዋልኩ። የታሽከንት ሜትሮ፣ የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው፤ በማዕከላዊ እስያ የመጀመሪያው። ብርቱ መንቀጥቀጥ እንዲችል ተደርጎ ተሠርቷል፤ ለጦርነት መጠለያም ታስቦ ነበር። በዚህ ምክንያት እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ድረስ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነበር። ከ40 ዓመት በላይ ይህን ሁሉ ውበት ያየው ወደ ሥራው የሚሄደው የከተማው ሰው ብቻ ነው ማለት ነው።

አሊሸር ናቮይ ጣቢያ ላይ ስወርድ መስጊድ የገባሁ መሰለኝ። ጣሪያው በሙሉ ትንንሽ ጉልላት ነው። ፓክታኮር "ጥጥ አምራች" ማለት ነው፤ ግድግዳው ላይ የጥጥ አበባ በሞዛይክ ተሠርቷል። አገሩ በጥጥ ብዙ ተጎድቷል። አራል ባሕር የደረቀው ወንዞቹ ወደ ጥጥ ማሳ ስለተጠለፉ ነው። ልጆች ሳይቀሩ በግዳጅ ጥጥ ይለቅሙ ነበር። ይህን እያወቅኩ አበባውን ሳየው ልቤ ሁለት ሆነ። ያም ሆኖ ውብ ነው።

በጣም የቆየሁት ኮስሞናቭትላር ነው። ግድግዳው ከጥቁር ሰማያዊ እየሳሳ ወደ ነጭ ይሄዳል፤ ከሕዋ ወደ ምድር እንደመውረድ። የጠፈርተኞቹ የነጋጋሪንና የቴሬሽኮቫ ምስል በክብ በክብ ውስጥ ተቀርጿል። ከመካከላቸው ኡሉግቤክ አለ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሳማርካንድ ላይ ሆኖ ከዋክብትን የቆጠረው የቲሙር የልጅ ልጅ። አንድ ተማሪ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከኡሉግቤክ ሥር የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር።

ለዚህ ሁሉ የምትከፍሉት የአንድ ጉዞ ቲኬት ብቻ ነው። ካልወጣችሁ ቀኑን ሙሉ መስመር እየቀየራችሁ መዞር ትችላላችሁ። ሌላ ደግሞ ልብ በሉ፤ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ሲገባ ወጣቱ ሁሉ አንዴ ይነሳል። አንድም ጊዜ ሲቀር አላየሁም። ለእኔም ሁለት ጊዜ ተነሱልኝ፤ ለእንግድነቴ ነው።

ቅዳሜ

ኦፓ ማሃላቸውን ሊያሳዩኝ አብረውኝ ወጡ። ማሃላ ሰፈር ነው። መጀመሪያ ስሰማው መሐላ መስሎኝ ነበር፤ ሲገባኝ ከመሐላም ብዙ አልራቀም። ማሃላው የራሱ ጽሕፈት ቤት፣ መሪውም አለው። በድሮው ልማድ ኦክሳኮል ይሉታል፤ ነጭ ጢም ማለት ነው። ሠርግ ሲኖር ወንበርና ትልልቅ ድስት የጋራ ነው። ሰው ሲሞት ጎረቤት ቀድሞ ይደርሳል። እኔ ስለ እድር ነገርኳቸው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ የወር መዋጮውን፣ ጥሩምባ ነፊውን። ኦፓ በየመሃሉ "ሃ፣ ሃ" እያሉ አንገታቸውን ነቀነቁ።

በየቤቱ ስናልፍ ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ሰውን ሁሉ የሚጠሩት በአክብሮት ነው። "ሲዝ" ይላሉ፤ አንቱ ማለት ነው። ኦፓ የስምንት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ሲዝ ሲሉት ሰማሁ። እንዴት ብዬ ብጠይቅ "ካልተከበረ ማክበር ከየት ይማራል?" አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ለብቻዬ ታሽከንት ሲቲ ሄድኩ። በመስታወት የተሠሩ ረጃጅም ፎቆች፣ ፓርክ፣ የሚዘፍን ፏፏቴ። ቤተሰብ በቤተሰብ ነው፣ ልጆች ይሮጣሉ። ቦታው በ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የፈረሱ አሮጌ ማሃላዎች የነበሩበት ነው። የኦፓ ታላቅ እህት እዚያ ነበር የሚኖሩት። አሁን ፎቅ ላይ ናቸው፤ "ሊፍቱን ወድጄዋለሁ፣ ግቢውን ግን በሕልሜ አየዋለሁ" ይላሉ አሉ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰዎቹን አየሁ። ፓርኩ ያምራል። ግን የወይን ዘንጉና ታፕቻኑ የቱ ጋ ነበር እያልኩ ዓይኔ ሣሩ ላይ ይንከራተት ነበር። ፒያሳ አዲሱ መንገድ ላይ ስቆምም እንዲሁ ነው የምሆነው፤ የእማዬ ምድጃ የነበረበትን እፈልጋለሁ።

ኦፓ ስለ እህታቸው ማሃላ የነገሩኝ አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። ሲበተኑ የቴሌግራም ቡድን ከፈቱ። ስሙ የማሃላው ስም ነው። ሠርግም ሐዘንም እዚያ ይነገራል፤ ሰው ከከተማው ዳር ዳር ተነስቶ ይመጣል። ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ የሚበላውን የሠርግ ኦሽ እስከዛሬ አብረው ነው የሚበሉት።

እዚያው አግዳሚ ላይ እማዬ ጋ ደወልኩ። "የእድራችሁ ሰዎች ስልክ ሁሉም አለሽ?" አልኳት። "የአብዛኛው አለኝ፣ ምነው?" አለች። ስመጣ እነግርሻለሁ አልኳት።

ማታ ናቮይ ቴአትር አልፌ ገባሁ። የሠራው የሌኒንን መካነ መቃብር የነደፈው ሽቹሴቭ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ ከሠራተኞቹ መካከል የጃፓን ምርኮኞች ነበሩ። በ1966 ከተማው ሲናወጥ እሱ ቆሟል። ጎን ለጎን ያሉት አዳራሾች የየክልሉን ጌጥ ይዘዋል፤ የሳማርካንድ፣ የቡኻራ፣ የኺቫ፣ የፌርጋና፣ የቴርሜዝና የታሽከንት። ኦፔራውን ብዙም አልተከታተልኩትም፤ ግድግዳውን ሳይ ነበር የቆየሁት።

ቤት ስመለስ ከአገሬ የያዝኩትን ቡና አወጣሁ። ጀበና ስለሌለ በድስት አፈላሁት፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። ጎረቤቶች በየበራቸው ብቅ አሉ። ስድስት ሆነን ታፕቻኑ ላይ ተቀመጥን። አቦልን ሞልቼ ቀዳሁላቸው። ኦፓ ስኒውን አይተው ሳቁ፤ "ልታስወጪን ነው እንዴ?" አሉ። አይ፣ በኛ አገር ሙሉ ስኒ ፍቅር ነው አልኳቸው። በረካው ድረስ ማንም አልተነሳም።

እሑድ

አውሮፕላኑ ከሰዓት በኋላ ነው። ኦፓ ጠዋት ከታንዲር የወጣ ኖን ይዘው መጡ። "ንከሺው" አሉኝ። ከዳሩ ነከስኩ። ጠቅልለው ሊሰጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልሰጡኝም። ልጅቷ ስታስረዳኝ፣ ድሮ ወታደር ሲዘምት ወይም ልጅ ሩቅ አገር ሲሄድ እንዲህ ይደረግ ነበር አለች። የነከሰው ዳቦ ቤት ውስጥ ይሰቀላል። የቀረውን የሚበላው ሲመለስ ነው።

ኦፓ ወንበር ላይ ወጥተው ኖኑን ከበሩ በላይ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። የጥርሴ ምልክት ወደ ውጭ፣ ወደ ግቢው ዞሮ ነበር። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እኔም አደረግኩ። ታክሲው መንገዱ ስለጠበበው ጥግ ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ነፋ።